ፋይሌን ወደ እጄ ለመለሰችልኝ ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ተመስገን፣ የሕክምና መሣሪያ መሸጫ ሱቄ ፈቃድ ታድሷል! ሱቁ ለሥራው ብቁ መሆኑን የሚመሰክረው የብቃት ማረጋገጫውም የንግድ ፈቃዱም ሱቄ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን ነው፤ ሁለተኛ እኔ በተንገላታሁበት መንገድ ሌላ ሰው እንዳይንገላታ ለመጠቆም ነው። ረዘም ቢልባችሁም ታገሡኝ። በተለይ መድኃኒት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የሕክምና መሣሪያ መሸጫ ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የማመሰግናት አንዲት ወጣት ሴት ናት። ዘመዴ አይደለችም፣ የመንግሥት ሠራተኛም አይደለችም፣ ከዚህ በፊት አይቻት እንኳ አላውቅም። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ስካነርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን የሞላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የተማሪ ወረቀት ታትማለች፣ የሰውን ጉዳይ በኦንላይን ትሞላለች። ዕድሜዋ ከመጀመሪያ ልጄ አይበልጥም። ስንት ትልልቅ ሰው ያልሠራልኝን ይህች ልጅ ሠራችልኝ። እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት፣ እኔ መክፈል አልችልም።

እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አነስተኛ የሕክምና መሣሪያ መሸጫ አለኝ። የደም ግፊት መለኪያ፣ የስኳር መለኪያ ከነስትሪፑ (ደም ጠብ የሚደረግበት ቀጭን መፈተሻ)፣ ኔቡላይዘር፣ ዊልቸር፣ ክራንች፣ የአየር ፍራሽ፣ ጓንት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን እሸጣለሁ። ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ አባቴ ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ መተኛት ብቻ ሆነና ጀርባቸው መቁሰል ጀመረ። ሐኪሙ የአየር ፍራሽ ፈልጉ አለን፤ እኛ ስሙንም ሰምተን አናውቅም ነበር። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አገኘን። የሸጠልን ሰው ግን ብሩን ቆጥሮ ካርቶኑን ገፋ አደረገልን እንጂ ሞተሩ እንዴት እንደሚስተካከል አንድ ቃል አልነገረንም። እቤት ገብተን በግምት ነፋነው። አባቴ ካረፉ በኋላ ያንን ፍራሽ ለሰፈራችን አንዲት እናት ሰጠሁ፣ አጠቃቀሙንም ቁጭ ብዬ አሳየኋት። ከዚያ ሌላ ሰው መጥቶ ከየት ነው የሚገኘው አለኝ፣ ከዚያም ሌላ። ሱቁ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የተከፈተው።

ስለዚህ ይሄ ሥራ ቁጥጥር ያስፈልገዋል ስል ከልቤ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያን ከምግብና ከመድኃኒት ጋር ቁጥጥር ውስጥ ያስገባው በከንቱ አይደለም። የግፊት መለኪያው ጨርቅ ለወፍራም ክንድ ከጠበበ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሰውየው የሌለበትን በሽታ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። የስኳር ስትሪፕ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ እርጥበት ይገባዋል፣ ቁጥሩም አይታመንም፤ በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ አለ። እንግዲህ ባለሙያ ይኑር፣ ዕቃው በአግባቡ ይቀመጥ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ይይ ቢባል ምን አለበት? ሕጉ አላስመረረኝም። ያስመረረኝ በሕጉና በእኔ መሐል የቆመው ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው የሱቁ ባለሙያ ሲለቅ ነው። ትዳር ይዞ ክፍለ ሀገር ገባ፤ መልካም ልጅ ነበር፣ መርቄ ሸኘሁት። እንደምታውቁት የሙያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከሌለ የብቃት ማረጋገጫ አይታደስም፣ የብቃት ማረጋገጫ ከሌለ ደግሞ የንግድ ፈቃድ አይታደስም። የንግድ ፈቃዱ ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፣ ጥር ከገባ ግን በቅጣት ነው። እኔ ግብሬን በጊዜ ከፍዬ የግብር ዕዳ እንደሌለብኝ የሚያሳየውን ክሊራንሴን ወስጃለሁ። የቤት ኪራይ ውሌም በእጄ ነው። አዲስ ባለሙያም አገኘሁ፤ ከድሮ መሥሪያ ቤቱ መልቀቂያውን ይዞ መጣ። የቀረው ማመልከቻውን በኦንላይን አስገብቶ የብቃት ማረጋገጫውን ማሳደስ ብቻ ነበር።

ለዚህ ሥራ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ጠቆሙኝ። በብዙ ሰው የተመሰገነ፣ ሰላምታው የሚጥም፣ ገና ከመቀመጡ የሦስት ኃላፊዎችን ስም የሚጠራ ሰው ነው። «እትዬ፣ እርስዎ ሱቅዎን ይጠብቁ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው» አለኝ። ቀብድ ብሎ 15,000 ብር ተቀበለኝ፤ የድሮውን የብቃት ማረጋገጫና የኪራይ ውሉን ዋናውን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ! ስደውል ስብሰባ ላይ ነኝ ይለኛል። ፋይሉ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው ይለኛል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው ይለኛል። ፊርማ ብቻ የቀረው ነገር ወር አለፈው። ቆይቶ ደግሞ «የሚቀባባ ነገር ካልጨመሩ አይንቀሳቀስም» ሲል ልቤ ደነገጠ። ለማን እንደሚቀባ ጠየቅኩት፣ አልመለሰልኝም። አልሰጥም ስለው ስልኬን ማንሳት አቆመ።

ራሴ ልጠይቅ ብዬ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልጽፍም፣ እዚያ ውስጥም ጥሩ ሰዎች አሉና። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ሲስተም የለም» አለችኝ። በሌላ ቀን ሲስተሙ አለ፣ ሰውየው የለም። በሌላ ቀን ሰውየውም አለ፣ «በስምዎ የገባ ምንም ማመልከቻ አይታየኝም» አለኝ። ጉዳይ አስፈጻሚው ገብቷል ይላል፣ ቢሮው አልገባም ይላል፣ እኔ መሐል ላይ ፌስታሌን ይዤ ቆሜያለሁ። ኮሪደሩ ላይ ከጎኔ የቆሙ አንድ አባት «ልጄ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ» አሉኝ። በዚያን ቀን እቤቴ ገብቼ ምግብ አልበላሁም።

ሱቁን ደግሞ ዘግቼዋለሁ። ማረጋገጫው ባልታደሰበት መሸጥ አልፈለግሁም፤ የማላምንበትን አላደርግም። ግን መዝጋቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኪራዩ ይቆጥራል፣ የሠራተኛዋ ደመወዝ ይቆጥራል። ከሁሉም የከበደኝ ደንበኞቼ ናቸው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ የስኳር መለኪያቸውን ከእኔ ነው የገዙት። መለኪያ ደግሞ የሚቀበለው የራሱን ስትሪፕ ብቻ ነው፤ ከሌላ ቤት የሌላ ዓይነት ቢገዙ አይሠራላቸውም። እኔ ዕቃ ልቆጥር ገብቼ በሩን ገርበብ እንዳደረግሁ መጡ። ባዶውን የስትሪፕ ብልቃጥ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አቆሙት። መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። «ጋሼ፣ ፈቃዴ አልታደሰም፣ መሸጥ አልችልም» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ግድ የለም ልጄ፣ ይታደሳል» ብለው ብልቃጣቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተው ወጡ። ሌላ ቦታ እንዲያገኙ ደዋውዬ ላክኋቸው፣ ግን ያ ነገር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

የገና በዓል እየደረሰ ነበር። ገና ታህሳስ 29 ይውላል፣ ያለ ቅጣት የሚታደስበት የመጨረሻው ቀን ደግሞ ማግስቱ ነው። በዓሉን አስቡት፣ የቀረኝ ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ይገባችኋል። አጠገቤ መነጽር ቤት ያለው ጎረቤቴ ነው እንግዲህ «እዚያች ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችውን ልጅ አናግሪያት፣ የእኔን እሷ ናት የጨረሰችው» ያለኝ። እውነቱን ለመናገር ተስፋ አድርጌ አልሄድኩም። ሰው አምኜ የተቃጠልኩት ገና አልሻረልኝም ነበር።

ስገባ የተማሪዎች ሰልፍ ነበር። ሰልፉን ሳታቋርጥ ቀና ብላ «እትዬ፣ እዚያ ወንበር ላይ ይረፉ፣ እነዚህን ልሸኝና» አለችኝ። ሸኘቻቸው። የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር በሩን ገፋ አድርጋ «አሁን የእርስዎን ብቻ እናያለን» ብላ ፌስታሌን ተቀበለችኝ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ የደረሰኙን ለብቻ፣ የባለሙያውን ለብቻ፣ የግብሩን ለብቻ። እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ አንድ ላይ ተጠቅልሎ የተሸከምኩት ወረቀት መልክ ያዘ። የምሳ ዕቃዋ ኮምፒውተሩ አጠገብ በሻሽ እንደተቋጠረ ተቀምጧል፣ አልነካችውም።

ከዚያ የጠየቀችኝን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «እትዬ፣ ማመልከቻው የሚሞላበት ይሄ የኦንላይን አካውንት ሲከፈት የገባው ስልክ የማን ነው?» አለችኝ። የእኔ ይሆናል አልኳት። ቁጥሩን መጨረሻውን አየችው፣ የእኔን ስልክ አስወጥታ አስተያየችው። የጉዳይ አስፈጻሚው ነው! ኢሜይሉም የእሱ ነው። ማለት በእኔ ሱቅ፣ በእኔ ስም፣ በእኔ ቲን ቁጥር የተከፈተው ነገር ሁሉ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። መልእክት ቢመጣ የሚመጣው ለእሱ ነው። እኔ ብር ካልሰጠሁ ወደ ገዛ ፋይሌ መግባት አልችልም።

እሷ አልጮኸችም፣ ሰውየውንም አልሰደበችም። ማመልከቻ ጻፈችልኝ። ስልኩና ኢሜይሉ በባለ ፈቃዷ ስም ይለወጥልኝ የሚል፣ አጭር፣ ትሕትና ያለው፣ ግን የማያሻማ ማመልከቻ። አንብባ አሰማችኝ፣ «ደስ ያላለዎት ቃል ካለ ይንገሩኝ» አለችኝ። ይዤው ሄድኩ፣ አያይዤ መታወቂያዬን አሳየሁ፣ ተቀበሉኝ። የሚገርማችሁ ወረቀቱ በትክክል ተጽፎ ሲቀርብ የዚያው ቢሮ ሰው ራሱ አከበረኝ፣ ቁጭ በይ አለኝ። ቁጥሩ ወደ እኔ ስልክ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ምን እንዳደረገች ብትጠይቁኝ አላውቀውም፤ ብቻ ስልኬ ላይ ቁጥር ይመጣል፣ አነብላታለሁ፣ ትጽፈዋለች።

ሲከፈት ዝም አለች። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ በጣቷ አሳየችኝና ቀስ ብላ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ተልኮ አያውቅም» አለችኝ። ተሞልቶ ግማሹ ላይ ቀርቷል። የባለሙያው ሰነድ አልተያያዘም፣ ክፍያው አልተከፈለም፣ ላክ የሚለው አልተነካም። ያ ሁሉ «ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው»፣ ያ ሁሉ «ፊርማ ብቻ ነው» ሐሰት ነበር። አለቀስኩ። እሷም ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ እጄን ያዘችኝ፣ «አሁን እኮ አገኘነው፣ አሁን እንልከዋለን» አለችኝ። ያቺን «አሁን እንልከዋለን» መቼም አልረሳትም።

ላከችውም። ከመላኳ በፊት ግን የባለሙያውን የሙያ ፈቃድ አንስታ የሚያበቃበትን ቀን አየች፣ የኪራይ ውሌንም እንደዚሁ። እሱ ወስዶት የነበረውን ዋናውን ውል ደግሞ ባለቤቴ በሽማግሌ አስመልሶት ነበር፤ ያንን ታሪክ እዚህ አልገባበትም። «ተቆጣጣሪ ሲመጣ በዚህ እንዳይመልሱዎት» ብላ የባለሙያውን ወረቀት ደግማ አጥርታ ስካን አደረገችው። መጀመሪያ የተነሣው ማህተሙ ደብዝዞ ነበር፣ እኔ አላስተዋልኩትም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ስንቶቻችን ለራሳችን ሥራ እናደርጋለን?

ሒሳብ ስጠይቃት የስካኑንና የጽሕፈቱን፣ ኦንላይን የሞላችበትንም ነገረችኝ። ከጉዳይ አስፈጻሚው ቀብድ ጋር አታወዳድሩት፣ አይገናኝም። የመንግሥቱን ክፍያ በእኔ ስልክ ራሴ እንድከፍል አሳየችኝ፣ በእሷ እጅ አላለፈም። ጨምሬ ላስቀምጥላት ስል መልሳ እጄ ውስጥ ከተተችው። «የሠራሁትን ከፍለውኛል እትዬ» አለችኝ።

ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ይሄን ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ከመሳቢያዋ አንዲት ትንሽ ደብተር አወጣች። ኢሜይሌን፣ የይለፍ ቃሌን፣ የማመልከቻ ቁጥሬን በእጅ ጽሕፈቷ አጥርታ ጻፈችልኝ። ከዚያ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝና ራሴ እንድገባ አደረገችኝ። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱን ፊደል ለማግኘት ቁልፎቹ ላይ ስፈልግ እሷ ከኋላዬ ቆማ ትጠብቃለች፣ አልተቻኮለችም፣ እጇንም አላስገባችም። ገባሁ! የገዛ ስሜን፣ የገዛ ሱቄን ስም አየሁት። ደብተሩን ስትሰጠኝ «ይሄን ለማንም አይስጡ እትዬ፣ ለእኔም ቢሆን» አለችኝ።

ለእኔም ቢሆን። የሰው ፋይል ይዞ መቀመጥ እንጀራ በሆነበት ጊዜ፣ ይህች ልጅ በየዓመቱ ወደ እሷ እንድመለስ ልታስገድደኝ ትችል ነበር። ቁልፉን ግን ለባለቤቱ ሰጠችው። በየዓመቱ የምመለሰው እንግዲህ ወድጄ ነው፣ ሰውም ይዤ ነው የምሄደው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ተቆጣጣሪዎች መጡ፣ የክፍሉን ሙቀት መለኪያ አዩ፣ ዕቃው ከወለል ከፍ ብሎ መቀመጡን አዩ፣ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ለብቻው መለየቱን አዩ፣ ባለሙያዬን ጠየቁት፣ መለሰ። ለእነሱም ምስጋና ይገባቸዋል፣ ሰዓት አክብረው መጥተው በአክብሮት ሠርተው ሄዱ። የብቃት ማረጋገጫው ወጣ፣ በሱም የንግድ ፈቃዱ የገና በዓል ሳይደርስ ታደሰ። ሱቁን የከፈትኩ ቀን መጀመሪያ የደወልኩት ለጋሼ መምህሩ ነው። ስትሪፓቸውን ወሰዱ፣ ብዙ መረቁኝ፣ እኔም ምርቃቱን ለእሷ አስተላልፌያለሁ።

እባካችሁ የሕክምና መሣሪያም ሆነ ሌላ ፈቃድ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ አንድ ነገር አጣሩ፤ አካውንታችሁ በማን ስልክ ነው የተከፈተው? በጉዳይ አስፈጻሚ ወይም በቀድሞ ሠራተኛ ስልክ ከሆነ ጊዜ ሳይጠብባችሁ አስለውጡት። ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ፣ ኮፒውን ስጡ። ማመልከቻው ገብቷል ሲሏችሁ በዓይናችሁ አሳዩኝ በሉ፣ ቁጥሩን ተቀበሉ። ታህሳስን አትጠብቁ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ይቻላል። ባለሙያችሁ የሙያ ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃ አሁኑኑ እዩለት።

ስሟንና ቦታዋን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ብቻዋን ነው የምትሠራው፣ ከጉዳይ አስፈጻሚዎቹ ጋር መነካካት አትፈልግም፤ ልክ ናት። ግን የቸገረው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሰጣለሁ፤ ይህንንም ፈቅዳልኛለች። ወደ እሷ ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት ተማሪ ይበዛባታል። ለስካን የሚሆን ዋናውን ሰነድ፣ መታወቂያችሁንና ቻርጅ ያለው ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወረቀቱ ቢደበላለቅም አትፈሩ፣ እሷ ትለየዋለች። አድራሻዋን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ ማታ ማታ እልካለሁ።